ሁለት ጊዜ የታጠነ ቃጫ

የወንድሜ ሚስት ናይሮቢ ተቀምጣ የምታወራው ይደርሰኛል። አውቶቡሱ በየቀኑ ይመጣል፤ ተሳፋሪው ቁርሱን የሚበላው እኔ ቤት ነው፤ ሰው ደግሞ ሲበላ ያወራል። "ልጄ ለዚህ የበቃችው በእኔ ድካም ነው" ትላለች አሉ። ስለ ቃጫው የሚጠይቃት ከተገኘ "ከድንበር አካባቢ የመጣ ነገር ነው" ብላ ታልፈዋለች። ድንበር አካባቢ ማለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደነበር ልጽፈው ነው፣ የራሴን ጥፋት ጨምሬ። ጥፋቴን ከእሷ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል፤ እሷ ስትጨምርበት አውቃታለሁና።

የምኖረው በኬንያው ሞያሌ ነው። አባታችን ከደጋ መጥቶ የከፈተውን ሆቴል የያዝኩት እኔ ነኝ። ሆቴል ስል ስድስት አልጋ፣ አንድ ምግብ ቤትና ጓሮ ያለ የውሃ ታንከር ማለቴ ነው። ወንድሜና እኔ ትምህርት የጀመርነው አብረን ነበር። በሒሳብ እበልጠው ነበር፤ ይህን እሱም በሕይወት ሳለ አይክድም ነበር። ይሁንና እሱ ወደ ናይሮቢ ተላከ፣ እኔ ወደ ጓዳ። አባቴን በዚህ አልወቅስም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። እወቅሰዋለሁ።

ወንድሜ ናይሮቢ አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቱ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ሞተ። ተዝካሩን ያወጣነው እዚህ ነው፤ ለተዝካሩ የተሠራው ወጥም ተበላሸ። ትኩሱን ድስት ከድና በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ያሳደረችው ሚስቱ ናት። እንዳትከድኚው ብያት ነበር። እንግዶቹ ቀምሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ግን ቀድማኝ ተናገረች። "የእሷ ድስት መች ይጸዳል" አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት። ዝም አልኩ። ወንድሜን በቀበርኩ ሰሞን ስለ ወጥ መጨቃጨቅ አልሆነልኝም። ለወራት የጭነት መኪና ሾፌሮች እኔ ቤት ገብተው ሻይ ብቻ ጠጥተው ይወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ሳይታጠብና ሳይታጠን የሚቀር ዕቃ የለም። የውሃ ጣሳ እንኳ አጥናለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ልጅቱ በትምህርት ቤት እረፍት እየመጣች ከእኔ ጋር ትከርም ነበር። ጠያቂ ነበረች። ሻይ በቆርቆሮ ኩባያ ለምን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ የት ይሄዳል ትላለች። የማውቀውን እመልስላታለሁ፤ የማላውቀውን አብረን እንሞክራለን። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት እናቷ፣ ልጄ የሆቴል ብርጭቆ እያጠበች አታድግም ብላ አስቀረቻት። ልጅቱ እኔ ቤት አንድም ብርጭቆ አጥባ አታውቅም። ማጠብ የምወደው እኔ ነኝ።

አስፋልቱ ሞያሌ በደረሰበት ሰሞን ልጅቱ ናይሮቢ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለገና ትደውላለች፤ ያን ቀን ግን በዓል አልነበረም። ሰላምታውን በጥድፊያ ጨርሳ፣ ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የወተት ዕቃ አሁንም አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ዕቃው ጎርፋ ነው። የቦረና ሴቶች ከተክል ሥር ቃጫ ጠልፈው የሚሠሩት ነው፤ እንደ መሶብ የተሰፋ ይመስላል፤ ወተት ሲገባበት ግን ጠብታ አያፈስም። እሷ ልጅ ሳለች ውሃ እየሞላችበት ታች ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር፣ መች ይንጠባጠባል እያለች። አንድም ቀን አልተንጠባጠበላትም። ያንን አስታውሳ ነው የደወለችው።

ሥራዋ ባትሪ ነበር። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ባትሪ ሁለት ጎን አለው። በሁለቱ መካከል በፈሳሽ የራሰ ስስ መለያ ይገባል። መለያው ሁለቱ ጎኖች እንዳይነካኩ ይከለክላል፤ የሊቲየም ቅንጣቶች ግን በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ወዲያና ወዲህ ያልፋሉ። የእሷ ባትሪ አንዱ ጎኑ የሊቲየም ብረት ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ኃይል ብዙ ነው። ክፋቱ፣ ባትሪው ሲሞላ ብረቱ እኩል ተነጥፎ አይቀመጥም፤ እንደ መርፌ እየሾለ ይበቅላል። መርፌው መለያውን ወግቶ ማዶ ከደረሰ ባትሪው ይሞታል፤ ሲብስም ይቃጠላል። የተለመደው መለያ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ይሸማቀቃል። እሷ ከተክል ቃጫ ልትሠራው ፈለገች። የተክል ቃጫ በዚያ ሙቀት አይሸማቀቅም፣ ፈሳሹንም በደንብ ይጠጣል፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ከሆኑ ደግሞ ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ሳይከማች ተዘርግቶ ይቀመጣል። ጥጥ ሞክራ ወረቀቱ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ ሆነባት። አሁን የጎርፋውን ቃጫ ፈለገች።

"አማካሪዬ መለያውን እንደ ድንበር ነው ይላል" አለችኝ። "የተፈቀደለት ያልፋል፣ ያልተፈቀደለት ይቀራል።"

"አማካሪሽ ድንበር አይቶ አያውቅም" አልኳት። "እዚህ ያልተፈቀደለት ነው በፊት የሚያልፈው።"

ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። እልክልሻለሁ አልኳት።

ጎርፋውን የሠራችልኝ ከኡራን፣ ከቦረናዎቹ መንደር፣ ወተት የምታመጣልኝ ሴት ናት። በሳምንት ሁለት ቀን በጭነት መኪና ትመጣለች፤ ወተቱን ከእኔ ጓዳ ታራግፍና ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች። ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ኦቦሌቲ ትለኛለች፤ እህቴ ማለት ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔንም "አንተ" ትለኛለች፤ አርሜያት አላውቅም። የልጅቱን ጉዳይ ስነግራት ወረቀት ለመሥራት ቃጫ ማጥፋት ምን ይሉታል ብላ ተገረመች። ቢሆንም በሳምንቱ ኤርገምሳ የሚሉትን ሥር ቆፍራ፣ ልጣ፣ ሰንጥቃ፣ አንድ ትልቅ ጥቅል ይዛልኝ መጣች። በእሷ ቤት ወግ ጥሬ ቃጫ ለሰው አይሰጥም፤ ሳይታጠብ በቀረ ጽዋ ለእንግዳ ወተት እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ ጢስ አስነክታዋለች።

ይህ በበቃ ነበር። እኔ ግን ጥቅሉን ናይሮቢ አውቶቡስ ጣቢያ የምትቀበለው ማን እንደሆነች አሰብኩ። ልጅቱ ቀን ላቦራቶሪ ስለምትውል የምትቀበለው እናቷ ነበረች። ያቺ ሴት አፍንጫዋን ወደ ጥቅሉ ስታስጠጋ ታየችኝ። ወዲያው ቃጫውን ፈትቼ በርሜል ውስጥ ሰቀልኩትና ከሥሩ የወይራ ፍልጥ አጫጫስኩበት። አንድ ማለዳ አልበቃኝም፣ በማግስቱ ደገምኩት። ቃጫው የቀይ ሻይ መልክ እስኪይዝ አጠንኩት። ከዚያ በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልዬ ሰፋሁት። የአውቶቡሱ ረዳት ተቀብሎኝ አሸተተና፣ "ማማ፣ ይህ ሙዚጎ ለሙሽራ ነው?" አለኝ። ሙዚጎ ጭነት ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለልጅቱ ስለ ጢሱ አልነገርኳትም። ልትደብቂያት ፈልገሽ ነው ብትሉኝ አይደለም። ዕቃ አጥቤ ሰጠሁሽ ብሎ የሚናገር ማን አለ?

እሷም ቃጫውን በሶዳ ቀቀለች፣ በመድኃኒት አነጣች፣ ፈጭታ በወንፊት ላይ አፍስሳ ስስ ወረቀት አደረገችው። ነጭ ወጣላት። ወረቀቱ ጥጡ ያልሆነላትን ሆነላት፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር። ወረቀቱን በክብ እየቆረጠች፣ አየር በማይገባበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ እጇን በጓንት አስገብታ፣ የሰዓት ባትሪ የሚያክሉ ትናንሽ ባትሪዎች ሠራችበት። ባትሪዎቹ አንዱ በማግስቱ፣ አንዱ በሁለተኛው ቀን ሞቱ። ሦስተኛ ቀን የደረሰ አልነበረም። እንደገና ሠራች፤ እንደገና ሞቱ።

አማካሪዋ የቁርጡን ነገራት። እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ አንድ እንኳ ደህና የሚቆይ ባትሪ ካላሳየች ሥራው ይቆማል አላት። የትምህርት ድጋፉ የተሰጣት ለተፈጥሮ መለያ ነው፤ ያ ከቆመ ትምህርቱም ያበቃል። ጥፋቱ የማን ይመስልሃል ብላ ስትጠይቀው፣ ከመንደር የመጣ ቆሻሻ ዕቃ ይሆናላ ብሎ መለሰላት። ይህን እሷ ሳትሆን እናቷ ናት የነገረችኝ። ስንት ዓመት ቆይታ ደወለችልኝ፤ ለዚህ ነገር ጊዜ አገኘች።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ልጄን በቆሻሻ ነገር ባያስገቧት ጥሩ ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁት። ሁለት ማለዳ ጢስ ስር ቆሜ ዓይኔ ያበጠበትን ቃጫ ነው ቆሻሻ የምትለኝ።

በመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ልጅቱ ለአንድ ሳምንት መጣች። ከስታለች። ከምሳ በኋላ ምግብ ቤቱ ሰው ሲቀልለት ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ከሞቱት ባትሪዎች ያወጣችውን መለያ በማጉያ ያነሳችውን ሥዕል አሳየችኝ። ለእኔ ማሳየቷ ገረመኝ፤ በኋላ ስረዳው የምታሳየው ሰው አጥታ ነበር። ነጩ ወረቀት ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። መርፌዎቹ የሚበቅሉት ሁልጊዜ ከነጠብጣቦቹ ፊት ለፊት ነው አለችኝ። በሶዳ ቀቅላ አልሄደላትም፣ በመድኃኒት አንጥታ አልሄደላትም። የማይታጠብ ጥቁር ምን እንደሆነ ልታውቅ አልቻለችም።

እኔ ግን አወቅኩት። በየቀኑ አየዋለሁና። ዕቃ ካጠንኩ በኋላ በነጭ ጨርቅ ስወለውለው ጨርቁ ላይ የሚቀረው ያ ነው። ጥላሸት። ጥላሸት ደግሞ ከሰል ነው፣ ሶዳ አያጥበውም። ኤሌክትሪክ ያሳልፍ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከሰል ያሳልፋል አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ለምን ጠየቅሽኝ?"

በዚያች ቅጽበት የተናገርኩትን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ። "የኡራኗ ሴትዮ አጥናው ይሆናል" አልኳት። "ልማዳቸው ነው።"

ውሸት አልነበረም። አጥናዋለች፤ በእጄ ስቀበል ትንሽ ትንሽ ይሸት ነበር። ግን እውነትም አልነበረም። ልጅቱ ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ። ያስጨነቃትን ስላገኘችው እንባዋ መጣ። ከዚያ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች፤ የምትጽፈውን በትከሻዋ ላይ አየሁት። ቃጫውን ያቀረበችው ሴት በጢስ አበላሽታዋለች የሚል ነበር። የእኔ ነገር የለበትም። ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ። አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ኖርኩ፤ እንቅልፍም አልነሳኝም።

በማግስቱ ወተቱ ደረሰ። ልጅቱ ሴትዮዋን ጓዳ አስቀምጣ በትሕትና አስረዳቻት። ቁጣ የለባትም፣ እንዲያውም እጇን ይዛ ነበር። እማማ፣ ቃጫው ግሩም ነው፤ ጢሱ ግን ሥራዬን አበላሽቶብኛል፤ ለሚቀጥለው ሳይታጠን ቢሰጡኝ አለቻት። እኔ በሩ ላይ የብርጭቆ ማድረቂያ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ ጠጥታ ያልጨረሰችውን ሻይ ወደ ጎን አደረገች። ባዶ የወተት ዕቃዎቿን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች፣ የታጠቡትን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ከእኔ ቤት ቆሻሻ ወጣ?" አለችኝ።

ድምጿ ከፍ አላለም። እኔም በሰው ፊት እንዲህ ስባል ድምፄ አልወጣም ነበር። በተዝካሩ ቀን የቆምኩት በዚሁ ጓዳ ነበር፤ ዝም ያልኩትም እንዲሁ ነበር። የወንድሜ ሚስት ያደረገችብኝን እኔ በሠላሳ ዓመት ወዳጄ ላይ አደረግኩት፣ ያውም ናይሮቢ ሄዳ ራሷን መከላከል በማትችል ሴት ላይ።

"ከአንቺ ቤት ምንም አልወጣም" አልኳት። "እኔ ነኝ። አንቺ ያጠንሽው ትንሽ ነበር። እኔ ደግሜ፣ በወይራ፣ ሁለት ማለዳ አጠንኩት።"

ልጅቱ እኔን አየች። ሴትዮዋም አየችኝ። ለምን እንዳጠንኩት አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ለአንዲት አፍንጫ ብዬ ነው እላለሁ?

"ሁለት ማለዳ" አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። "ኦቦሌቲ፣ ቃጫውን ልትድረው ነበር እንዴ አንተ?"

ሳቀችብኝ፣ እስክትታክት ሳቀች። ለጎረቤቶቿ ሁሉ እንደምትነግር አወቅኩ፤ ነገረችም። ልጅቱ አልሳቀችም። ትናንት የጻፈችውን ገጽ ቀደደችና ከፊቴ ሳትነሳ ሌላ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም፤ አልጠየቅኳትም። ለአንድ ሰዓት ያህል አኮረፈችኝ። ይገባኛል።

ሳቅ አንድ ነገር ነው፤ ጥሬ ቃጫ መስጠት ሌላ። ሴትዮዋ ሳይታጠን አልሰጥም አለች። ከእኔ ቤት ጥሬ ወጣ ከተባለ ሴት ልጆቼን ማን ያገባቸዋል አለች። ልጅቱ ስለ ከሰልና ስለ መርፌዎቹ አስረዳቻት፤ ሴትዮዋ በጥሞና አዳመጠችና እንደገና አልሰጥም አለች። እኔ ለመንኳት። ልመና አልወድም፤ ለመንኳት። ሻዩን እንደገና አስቀዳችና ስትጠጣ ቆይታ መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። ከቤቴ አይወጣም አለች፤ ሥሩ ግን ያለው ከቤቴ ውጭ ነው። የበቀለበትን አሳያችኋለሁ፤ እናንተ ትቆፍራላችሁ፣ እናንተ ትልጣላችሁ፣ ከዚያው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። "ቶሌ?" አለች። ቶሌ አልናት፤ እሺ ማለት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ በጭነት መኪና ኡራን ወረድን። ዝናቡ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ለስልሷል፤ መንገዱ ግን ከሚገባው በላይ ለስልሶ ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞናል። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በጄሪካን ጭነናል። ሴትዮዋ ከቤቷ ራቅ ብላ ቁጥቋጦው መሐል ወሰደችንና በጣቷ እያመለከተች ቆመች። ዶማውን አልነካችም። ልጅቱ ጓንት አድርጋ ቆፈረች፤ እያንዳንዱን ሥር ለካች፣ ጻፈች፣ ፎቶ አነሳች።

"ይሸሽብኛል ብለህ ነው የምትጽፈው?" አለቻት ሴትዮዋ።

ያን ቀን ብዙ ተማርን። ለጋ ሥር ሲሰነጠቅ ጸጉራም ይሆናል፤ ያረጀ ሥር እንጨት ሆኗል። ትክክለኛው በጣት ላይ ሲጠመጠም የማይሰነጠቅ፣ ልጡም አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚወጣ ነው። ሴትዮዋ ይህን በቃል አልነገረችንም፤ የተሳሳተውን ስናነሳ ምላሷን ታጮሃለች፣ ትክክለኛውን ስናነሳ ዝም ትላለች። እስከ ቀትር እኔም ምላሷን የማያስጮህ ሥር ማንሳት ለምጄ ነበር። በፈላው ውሃ አጥበን ግራር ስር በነጭ አንሶላ ላይ አሰጣነው። የመንደሩ ሴቶች መጥተው አሽተው ተሳሳቁ፤ አፈር አፈር ይሸታል አሉ። እኔም አሸተትኩት። አፈር አፈር ይሸታል። እንዲህ የሚሸት ዕቃ በእጄ ለሰው ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥቅሉን ስናስር ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ከብቶቹ አዞረች። "እኔ አላየሁም" አለች።

በዚህ ጊዜ በማንም እጅ አልላክነውም፤ ልጅቱ ራሷ ይዛው ሄደች። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት አልወዳቸውም። ያበላሸው ጢሱ ባይሆንስ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ብረቱ በማንም ቃጫ ላይ መርፌ የሚያበቅል ቢሆንስ? ያን ጊዜ የልጅቱ ትምህርት ይቀራል፣ እናቷ ትፈርዳለች፣ እኔም የምመልሰው አይኖረኝም። ስልክ ሲጮኽ ከምድጃው እሮጥ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው አልጋ አለ ወይ የሚል ሾፌር ነው።

የደወለችው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። ሳህን በእጄ ነበር።

"አክስቴ፣ ዘጠነኛ ቀኑ ነው" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ባትሪው። አልሞተም።"

ሳህኑን ለማን እንዳቀረብኩት አላስታውስም። አማካሪዋ አላመነም ነበር አለችኝ። በገዛ እጁ ሌሎች ሠራ፤ እነዚያም አልሞቱም። ከፕላስቲኩ ጋር ሲተያይ እንዴት ነው አልኳት። እኩል እየሄዱ ነው አለች። በሙቀት ስትፈትናቸው ግን ፕላስቲኩ ተሸማቆ ጠርዙ ሲገለጥ፣ የእኛው እንደተነጠፈ ቀረ። "እኛ" ስትል ማንን ማንን እንደጨመረች አልጠየቅኳትም። ይህ ገና ትንሽ ባትሪ ነው፣ ከዚህ እስከ መኪና ወይም እስከ ፀሐይ መብራት ብዙ መንገድ አለው አለችኝ፤ ልታታልለኝ አልፈለገችም። ድጋፉ ግን እንዲቀጥል አማካሪዋ ፈርሟል። ትምህርቷ ቀጠለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አማካሪው ራሱ ደወለልኝ። በስዋሂሊ ነው ያወራነው፤ የእሱ ስዋሂሊ ከእኔ የተሻለ ነው፣ ድምፁ ግን እንደፈራሁት የኩራት አልነበረም። ሥሩን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት ወይ አለኝ። የምትመርጠው የኡራን ሴት ናት፣ እኔ ከእሷ ተምሬያለሁ አልኩት። ምርጫው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ በጣት ስለ መጠምጠሙ፣ አንድ ጊዜ ሲሳብ ስለሚወጣው ልጥ። ቀስ ይበሉ፣ እየጻፍኩ ነው አለኝ። ቀስ አልኩለት። በሒሳብ እበልጠው የነበረው ወንድሜ የተማረበት ከተማ ውስጥ አንድ የተማረ ሰው የምናገረውን ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሆን ብዬ የበለጠ ቀስ አልኩ።

ሊሰናበተኝ ሲል የመጀመሪያው ቃጫ የተበላሸው በማከማቻ ችግር እንደነበር ተማሪዬ ጽፋለች አለኝ። ያን ጊዜ ነው ልጅቱ በቀደደችው ገጽ ምትክ የጻፈችውን ያወቅኩት። እኔን ሸፍናኛለች። ደግነቷ ነው። ነገር ግን እኔ ተሸፍኜ እንድኖር አልፈልግም፤ ሌላ ሰው ነገ የማከማቻውን ችግር ሲፈልግ ዓመቱን ይጨርሳል። ደግሞም ይህ ሰው ከመንደር የመጣ ቆሻሻ ብሎ ነበር፤ የተበላሸው በቆሻሻ አለመሆኑን ከእኔ ይስማ።

"ማከማቻ አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ ያጠንኩት። ንጹሕ ይሁን ብዬ። ጥላሸቱ ከዚያ ነው። ይህንንም ይጻፉት።"

በቤቴ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሰሙኝ መሰለኝ። የልጅቱ እናት ገና አልሰማችም ነበር፤ አሁን ካነበበች ታውቃለች።

"በምን እንጨት ነው ያጠኑት?" አለኝ።

ስድብ ስጠብቅ እንጨት ጠየቀኝ። "ወይራ" አልኩት።

"ስንት ሰዓት?"

ነገርኩት። ሲጽፍ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ። ምን ያህል ጢስ መለያውን እንደሚያበላሽ በትክክል መለካት እንፈልጋለን፤ ለሚቀጥለው ጥሬውን ሲልኩ ጥቂት የታጠነም፣ አንዱን አንድ ሰዓት፣ አንዱን ሁለት ማለዳ አድርገው ለያይተው ይላኩልን አለኝ።

በማግስቱ ወተቱ ሲመጣ ለሴትዮዋ ነገርኳት። የታጠነውን እኔ ከቤቴ እሰጣለሁ አለች ወዲያው፤ ያ ነውር የለበትም። ጥሬውን አንተ ትቆፍራለህ። ከሰዓት በኋላ በርሜሉን አጥቤ አወጣሁ፣ አቡጀዲውን በሦስት ቀደድኩ፣ በየቁራጩም ላይ ጥሬ፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ማለዳ ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት።